ሳል ይዞ በር ጥበቃ

ወደዚያ ላውንደሪ ሸሚዝ ይዞ የገባ ሰው ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ያልጠየቀው ምክር ደግሞ ተመርቆለት ይወጣል። የሚተኩሰውም የሚመክረውም አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ካውያ። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከመታወቂያው ላይ ወርዶ መንደር ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያየው የለም።

ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ የሱሪው መስመር ሎሚ ይቆርጣል። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያኝካል፤ ጉንፋን እንዳይዘው ነው። እውነቱን ለመናገር ጉንፋን ቀርቶ ሰውም አይጠጋውም፤ ምናልባት መከላከያነቱ በዚያ በኩል ይሆናል። ሚስቱን የቀበራት ልጃቸው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው አሉ። እሱ ግን «ሲጀምር ተራ ጉንፋን ነበር፤ ንቀነው ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ አፍንጫውን የሳበ ሰው ፊቱ ሲቆም ካውያውን ያቆምና ምርመራ ይጀምራል።

«አፍንጫህ ነው ጉሮሮህ?»

«ሁለቱም፣ ጋሼ።»

«ዝንጅብል ቀጥቅጠህ ቀቅል፣ ሎሚ ጨምቅበት። ማሩን ለብ ሲል ነው የምትጨምረው፤ እየፈላ አይደለም፣ አንተ ጥድፊያ! ለጉሮሮህ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠህ ተጉመጥመጥ። እንዳትውጠው ደግሞ፣ ባሕር አይደለህም። አፍንጫህን በእንፋሎት ታጠን፤ ፎጣ ተከናንበህ፣ ረጋ ብለህ። ትኩሳቱ ከጸናብህ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን እኔ ዘንድ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው የምትሄደው። ከሁሉም በላይ እቤትህ ተኛ! ሰው ፊት ላይ አትሳል። ክርን ለምን ተፈጠረ?»

«ሰው ለመግፋት!» ትላለች አጣቢዋ ከጓሮው፣ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ። አጣቢዋ ከእሱ ጋር ዓመታት የሠራች፣ የሰውን ገበና ከሰውዬው አንገትጌ የምታነብ ሴት ናት። ኪሱን እንኳ ሳትፈትሽ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ የት እንዳደረ ትነግርሃለች።

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ብዙ ሰው ተሽሎታል፤ ያልተሻለውም ቢሆን ማር ልሷል። ጣጣው የመጣው ምክሩ ሥልጣን የሆነ ጊዜ ነው።

ልጁ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ትንሽዬ፣ ሙሉዋን መዳፍ ላይ የምታድር የምትመስል። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ «የሚያስል የሚያስነጥስ ሰው አይጠጋት፤ እጅ ሳይታጠብ የሚነካት አይኑር፤ መስኮቱን እየከፈታችሁ አናፍሱ» አለች። ለሁሉም ነበር የተናገረችው። ጋሽ ካውያ ግን የሹመት ደብዳቤ እንደተነበበለት ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማ።

ልጁ ከባሏ ጋር የምትኖረው ከላውንደሪው ጀርባ፣ ብዙ ቤቶች አንድ ግቢ የሚጋሩበት ቦታ ነው። ባሏ ሾፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ። ጋሽ ካውያ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ይሄድና በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል። አጠገቡ ሳሙናና የውሃ ጆግ። የሕፃኗን ጨርቅ በሙሉ፣ የእናቲቱን ቢጃማ፣ የአማቹን ካልሲ ሳይቀር ተኩሷል። «ጀርም የሚባል ነገር ካውያ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል» ነው የሚለው። አንዷ ጎረቤት ልትጠይቅ ስትመጣ ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ወስዶ ተኩሶ መልሶላታል። «ሊፈትሸኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታወራው ከረመች።

የአማቹ እናት የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ፍራሽ ሰፊ ናት። ባሏ ጥሏት ሄዶ ልጇን ጥጥ እየነደፈች፣ ፍራሽ እየሞላች ነው ያሳደገችው። ፀጉሯ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ አለ፤ ሽበቷን ከጥጡ የሚለይ ሰው የለም። ለልጅ ልጇ ትራስ የምታህል ፍራሽ ሰፍታ፣ ጠርዙን በሰማያዊ ክር ጠልፋ፣ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ አስነጠሳት።

ጋሽ ካውያ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

«ጥጡ ነው» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። «ብናኙ ነው፣ ጋሼ። ጉንፋን የለብኝም።»

«የያዘው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ኧረ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስነጥሰኝ ነው የኖርኩት!»

«እንግዲህ፣ እትዬ» አለ፣ ግቢው እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ፍራሹ ይግባ፤ ማስነጠስዎን ግን ይዘውት ይመለሱ።»

ግቢው ሳቀ። ከሚያሰጡት ሴቶች አንዷ አንሶላው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ፍራሽ ሰፊዋም ሳቀች፤ ሰው በራሱ ላይ ሲሳቅበት ላለመቅረት የሚስቀውን ሳቅ። ፍራሹን ሰጥታ፣ በመስኮቱ አሻግራ አንዴ አይታ ሄደች። ቀልዱ ግን አልሄደም። ማታውኑ ሱቁ ደረሰ፤ በማግስቱ ሻይ ቤቱ። ልጆች ያስነጠሰውን ሁሉ «ይዘኸው ተመለስ!» ይሉት ጀመር። ጋሽ ካውያ ቀልዱ በተነገረ ቁጥር የሸሚዙን አንገትጌ ያስተካክላል።

ከዚያ ጉንፋኑ መጣ። በማን ሸሚዝ ተጠቅልሎ እንደመጣ አይታወቅም። ጠዋት ሲነሳ አጥንቱ ተቀጥቅጦ ያደረ ይመስላል፤ ጉሮሮው እሾህ ውጧል፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሲያኝክ አልሸተተውም። ያን ጊዜ ነው የደነገጠው።

እንግዲህ ምን ማድረግ እንዳለበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እቤትህ ተኛ፤ ሕፃን አትጠጋ። ለመንደሩ ሁሉ ሲያዝዘው የኖረ ነገር ነው። ግን ታምሜያለሁ ብሎ እንዴት ይናገር? «ነጭ ሽንኩርቱስ?» ሊሉት። «ካውያውስ?» ሊሉት። «ማስነጠስህን ይዘህ ተመለስ!» ሊሉት! ያቺን ሴት እንደዚያ ባላሳቀባት ኖሮ አልጋው ላይ በክብር በታመመ። አሁን ግን መታመምም ተከለከለ። ደግሞም እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሕፃኗ ማታ ማታ ጣቱን ትይዝ ነበር። ያንን ሊያስቀር አልፈለገም።

ስለዚህ መድኃኒቱን ሁሉ በራሱ ላይ አዘመተው። ዝንጅብሉን በቴርሞስ ይዞ ላውንደሪ ገባ። ጉሮሮውን በጨው ውሃ እያጠበ ዓይኑም አብሮ በእንባው ጨው ታጠበ። እንፋሎቱን ደግሞ የእሱ ብቻ በሆነ መንገድ ነው የታጠነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፍና ካውያውን ይጭንበታል፤ ቡፍ ሲል አፍንጫውን ይዞ ከላዩ ይደርሳል።

አጣቢዋ ቅርጫት ተሸክማ ስትገባ ያዘችው።

«ጋሼ፣ የምትተኩሰው ጨርቁን ነው አፍንጫህን?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ ትኩሳት አለው እንዴ? ግንባርህ ላይ እኮ ሸሚዝ መተኮስ ይቻላል!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሂድና ተኛ። ለእኔ ቢሆን 'ክርንሽን አትርሺ' ትለኝ ነበር። ዛሬ ማታ ሕፃኗ ጋ ልትሄድ አይደለም መቼም?»

«እስከ ማታ ይለቀኛል። አፍንጫዬ ተከፍቷል፣ ስሚኝ» ብሎ ሳበላት። እውነትም ተከፍቷል።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ሰምተህ አታውቅም?»

«እኔ ሌባ ነኝ?»

«ሌባስ መስኮት ሰብሮ ነው የሚገባው። አንተ ዘበኛው ነህ።»

አልሰማትም። የእሱ ሳይንስ ሌላ ነበር፤ ያልታየ ጉንፋን፣ የለም። አፍንጫ ካልፈሰሰ፣ ድምፅ ካልተዘጋ፣ መሐረቡም በተናፈጠበት ቁጥር በካውያ ከተተኮሰ፣ በሽታው ሞቷል። መሐረቡን ይተኩስ ነበር፣ እውነት ነው። መሐረቡን በያዘው በዚያው እጁ ደግሞ የሕፃኗን ጨርቅ ያጣጥፍ ነበር። እጁን የሚተኩስ ካውያ የለም፤ ሳሙናውም በር ላይ ለእንግዳ የተቀመጠ ነው።

ማታ ገባ። የትኩሳት ክኒን ውጦ፣ ማር ልሶ፣ ድምፁን አለስልሶ። ሕፃኗ ጣቱን ያዘች። በዚያች ቅጽበት ሳሉ ከደረቱ ተነስቶ መጣ። አፈነው። እንደገና መጣ፣ እንደገና አፈነው፤ ጅማቱ እስኪገተር፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ።

«አባዬ፣ ታለቅሳለህ እንዴ?» አለች ልጁ።

«ደስታ ነው» አላት።

እሷም ልቧ ተነክቶ ትከሻውን ሳመችው። በማግስቱም ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ጡት እምቢ አለች።

መጀመሪያ አፍንጫዋ ተዘጋ፤ ከዚያ ደረቷ እንደ ትንሽ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ሾፌሩ መኪናውን እንዴት እንደነዳ አያስታውስም። ክሊኒኩ ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ሕፃኗን ኦክስጅን ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል። እቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው አለ?»

ጋሽ ካውያን ጨምሮ ሦስቱም ዓይናቸውን ሕፃኗ ላይ ተከሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚናገረው። ከዚያ ልጁ ማልቀስ ጀመረች፤ ወደ ባሏ ዞራ።

«እናትህን አስገብቻት ነበር። አባዬ ሥራ እያለ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ አሳዘነችኝ። መስኮቱ ላይ ቆማ ስታይ አሳዘነችኝ! አቅፋት ወጣች።»

ሾፌሩ ስልኩን ይዞ ኮሪደር ወጣ። በሩ አልተዘጋም፤ ሁሉም ይሰማ ነበር።

«እማ፣ ለምን ገባሽ? ... ጥጥ ነው አትበይኝ! ... ልጄ በቱቦ ነው የምትተነፍሰው፣ ገባሽ? ... አትምጪ። አትምጪ አልኩሽ። እኔ ካልጠራሁሽ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ጋሽ ካውያ አፉን ከፈተ። ቃሉ እዚያው ምላሱ ላይ ነበር፤ «እኔ ነኝ»። ለመናገር ትንፋሽ እንኳ ሳበ። ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ሲስተር፣ እንፋሎት ብናሳያትስ? ወይ ማር፣ በጣት ጫፍ...»

«ምን? ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይቀመስም፤ ይመርዛል! እንፋሎቱም ያቃጥላታል። እነዚህ ለትልቅ ሰው ናቸው፣ አባት። ለትልቅ ሰውም ቢሆን ያስታግሳሉ እንጂ አያድኑም። ሳሉ ቀለል ስላለው የዳነ የሚመስለው ሰው አለ፤ እንደዚያ ያለው ነው ሕፃን የሚጨርሰው።»

ነርሷ ይህን የምትለው ለማንም ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ትለዋለች። እሱ ግን ስሙን ጠርታ፣ የመታወቂያውን ስም፣ የተናገረችው ያህል ተሰማው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አንገቱን ደፍቶ የሱሪውን መስመር አየ። ቀጥ ያለ ነበር።

ሕፃኗ ዳነች። ቀስ በቀስ ጡቷን ያዘች፣ ቱቦው ወጣ፣ ወደ ቤት ተመለሰች። መንደሩ እፎይ አለ፤ እፎይ ሲል ደግሞ ወሬውን አነሳ። ቀልዱ ጭራ አውጥቶ ነበር፤ «ፍራሹ ገባ፣ ማስነጠሱም ሾልኮ ገባ።» ሰው ላውንደሪው ድረስ እየመጣ ቀልዱን ለራሱ ለጋሽ ካውያ ይነግረዋል፤ እንዲስቅም ይጠብቃል። «ጋሽ ካውያ፣ እርስዎ እኮ ቀድመው ነቅተውባት ነበር!» ይሉታል። «ነቢይ ነዎት!» እሱ ካውያውን አንድ ቦታ ረስቶ የሰው ሸሚዝ አቃጠለ።

ወሬው በዚያ አላበቃም። ፍራሽ ሊያስነድፉ የነበሩ ሴቶች ተመለሱ። «ማን ያውቃል፣ በጥጡ ቢገባስ» ይላሉ። አንዷ አምና ያሰፋችውን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ ስትወቅጠው ታየች። ሴትዮዋ የልጅ ልጇንም ደንበኞቿንም ባልሠራችው ጥፋት አጣች።

አጣቢዋ ብዙ ቀን ዝም ብላ ነው የከረመችው፤ ይህም ከእሷ የማይጠበቅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ማሽኖቹን አጠፋች። ላውንደሪው ድንገት ጭር አለ።

«ሕፃኗ ዳነች» አለች።

«ተመስገን።»

«ሴትዮዋስ?»

የተተኮሰውን ሸሚዝ ገልብጦ እንደገና መተኮስ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እኔ ወሬ እወዳለሁ። እንጀራዬ ባይሆንም ወጤ ነው። ይህንን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ የምትናገረው መስሎኝ ነው። ስጠብቅህ ምላሴ ሊበሰብስ ነው።»

«በምን አፌ ልናገር?»

«ቀልዱን በተናገርክበት።»

ፍራሽ ሰፊዋን የሥራ ቦታዋ ሄዶ አገኛት። ጠባብ ክፍል ናት፤ ጥጥ እስከ ወገብ ተከምሯል። መሬት ተቀምጣ በረጅሙ መርፌ የሰው ፍራሽ ሳይሆን የራሷን ትራስ ትጠግን ነበር። ቀና ብላ አይታው ልትነሳ ከጀለች፤ የአማት ወግ ነው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ። ሕፃኗ ደህና ናት?»

አልተቀመጠም። እየቆመ፣ እየተንተባተበ፣ ጥጡን እያየ ነገራት። ትኩሳቱን፣ እንፋሎቱን፣ ክኒኑን፣ ያፈነውን ሳል። ክሊኒክ ውስጥ ዝም እንዳለ ሲደርስ መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካች።

«ልጄ ሲጮህብኝ እዚያው ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እየሰሙ?»

«እየሰማሁ።»

የትራሱን ብናኝ በመዳፏ አራገፈች። ከዚያ አስነጠሳት። ሁለቱም ተሳቀቁ።

«እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ...» ብሎ ሊንበረከክ ሲል እጇን ዘረጋች።

«ተነስ» አለች። ከአንቱታው ወርዳ፣ አንተ አለችው። «ስታዋርደኝ ግቢ ሙሉ ሰው ነበር። አሁን ይቅርታውን ለእኔና ለጥጥ ልትነግረን መጣህ? ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ ጉንፋን እንዳልያዘኝ ድሮም አውቃለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«እሱን እኔ ነኝ የምነግርህ?»

በነጋታው እሑድ ነበር፤ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሾፌሩ መኪናውን ያጥባል፣ ሴቶቹ ልብስ ያሰጣሉ፣ ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ፀሐይ ታሞቃታለች። ጋሽ ካውያ መሐል ላይ ቆመ። ያልተተኮሰ ሸሚዝ ነበር የለበሰው፤ ይህንኑ አይቶ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንዳለ ጠረጠረ። ፍራሽ ሰፊዋ አብራው መጥታ የግቢው መግቢያ ላይ ቀረች፤ ልጇ ካልጠራት ደጁን አትረግጥም።

«ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

አንዷ ሳቀች፤ የቀልድ መጀመሪያ መስሏት።

«ቀልድ አይደለም። ታምሜ ነበር። አውቄ ነው የደበቅኩት። በመድኃኒት ሸፋፍኜ ገብቼ ታቀፍኳት። ስትታመምም ዝም አልኩ። እሷ» ወደ መግቢያው ሳያይ ጠቆመ፣ «እሷ ምንም የላትም። ጥጥ ነው። ጥጥ ነው ብላ ነበር።»

ሾፌሩ እጁ ላይ የነበረው ጨርቅ ውሃ ያንጠባጥባል። አማቱን አላየውም። በአጠገቡ አልፎ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ፤ እዚያ ደርሶ ግን ምን እንደሚል ጠፋውና እርጥብ እጆቹን ሱሪው ላይ ይጠራርግ ጀመር።

«አባዬ» አለች ልጁ። ድምጿ ቀጥኗል። «ያን ቀን ደስታ ነው አልከኝ። ለምን አልነገርከኝም? መስኮት ላይ ቆመህ ልታያት ትችል ነበር እኮ።»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

«ሰውን።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

 ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፊቷን አዞረች። ገመዱ ላይ አንሶላ ሲወዛወዝ ይሰማል። ጋሽ ካውያ የሚገባበትም የሚወጣበትም ጠፍቶት እዚያው መሐል ላይ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ከግቢው ሊወጣ ሲል ከመግቢያው የፍራሽ ሰፊዋ ድምፅ መጣ። ልጇ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ እያስገባት ነበር።

«ወዴት ነው? አልጨረስክም እኮ።»

ጣቷን ወደ መጨረሻው ቤት ቀሰረች። እዚያ በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ።

«እማማ ጆሯቸው ከባድ ነው፤ አልሰሙም። ጮክ በል።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ወደ በረንዳው ጥቂት ቀረብ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው።